የገዢው ሚስት ፊርማ

በዚህ እትም "ስለ ትዳር በሚጻፍበት ዓምድ ላይ ይህ ደግሞ ምን ይሠራል?" የሚያሰኝ ርእስ ይዤ ቀርቤአለሁ። ርእሱ መኪና ነው። እሷም ጤፍ የምትጭነዋ ወይም ልጆችን ትምህርት ቤት የምታደርሰዋ መኪና አይደለችም። ጣሪያዋ የሚከፈተው፣ ባለ ሁለት በሯ፣ ሰው ዞር ብሎ የሚያያት፣ ለልብ ደስታ ብቻ የምትገዛዋ ናት።

በጥር ወር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳማ ዋናው መንገድ ዳር ለቆመ ሰው እንዲህ ያለች መኪና ማየት ብርቅ አይደለም። ሙሽሮችን ይዛ፣ በአበባ ተሸልማ፣ የአጃቢዎችን ክላክስ አስከትላ ታልፋለች። ባጃጆች ጥግ ይይዙላታል። ከዳር የቆመው ባል "አቤት! አንድ ቀን እኔም…" ይላል። አጠገቡ ያለችው ሚስት ደግሞ "አቤት አቧራው! ቬሎዋ አለቀላት" ትላለች። ሁለቱም ያዩት አንድ መኪና ነው። የዛሬው ጽሑፌ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ርቀት ነው።

በኪስ ውስጥ የተገኘው ወረቀት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወንድምና ባለቤቱ ሊያማክሩን ወደ ቤታችን መጡ። አሥራ አራት ዓመት በትዳር የቆዩ፣ ሦስት ልጆች ያሏቸው፣ ጌታን በትጋት የሚያገለግሉ ናቸው። ስማቸውን ሳልጠቅስ ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል።

ወንድማችን ከልጅነቱ ጀምሮ ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና ይወድ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ "የሚሸጥ" የሚል ወረቀት የተለጠፈባት፣ ከኋላ የሸራ ጣሪያ ያላት ባለ ሁለት በር ሱዙኪ ቪታራ ቆማ አየ። ደላላው "ነገ ሌላ ሰው ሊከፍልባት ነው" አለው። በዚያው ሳምንት ዕቁብ ደርሶት ስለ ነበር ሳይውል ሳያድር ሃምሳ ሺህ ብር ቀብድ ከፍሎ ወረቀት ተቀበለ። ለባለቤቱ አልነገራትም። "በጋብቻችን ቀን በር ላይ አቁሜ ላስደስታት ብዬ ነው" አለን። እውነቱን እንደ ነበረ አምናለሁ። ነገር ግን ቢነግራት እምቢ እንደምትለው ያውቅ ነበር፤ ይህንንም ቆይቶ ራሱ ተናዘዘ።

ባለቤቱ ወረቀቱን ያገኘችው ሱሪውን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ነው። ዕቁቡ ለምን እንደ ታሰበ ሁለቱም ያውቃሉ። ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮ ሳይለብስ ሁለት ክረምት ላለፈበት ቤታቸው ነበር። አልጮኸችም። በእኛ ፊት ተቀምጣ "የቤታችንን ጣሪያ ጣሪያ ለሌላት መኪና ሰጠብኝ" አለች። እኔና ባለቤቴ ሳቃችንን ዋጥነው። ቀጥላ ያለችው ግን የሚያስቅ አልነበረም፦ "መኪናዋ አይደለችም ያሳዘነችኝ። አሥራ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ምን እንደሚያስደስተው ከቀብድ ወረቀት ላይ ማንበቤ ነው።"

የተጓደለ ገንዘብ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ይሞላል። "ደግሞስ ምን ደብቆኝ ይሆን?" ብላ መጠየቅ የጀመረች ሚስት ግን ልቧ እስኪመለስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም።

መደሰት ኃጢአት ነውን?

አንዳንድ አንባቢያን "ነገሩ ከመጀመሪያው ዓለማዊነት ነው" እንደምትሉ አውቃለሁ። ቅዱስ ቃሉ ግን እንዲህ በአንድ ቃል አይዘጋውም። ሐዋርያው ጳውሎስ ባለጠጎችን በሀብታቸው እንዳይታመኑ ሲያስጠነቅቅ፣ በዚያው ቁጥር እግዚአብሔር ሁሉን አትረፍርፎ የሚሰጠን ደስ እንዲለን መሆኑን ይናገራል (1ኛ ጢሞ. 6፡17)። ሰባኪውም ሰው በአጭር ዘመኑ ከሚወዳት ሚስቱ ጋር ደስ ብሎት እንዲኖር ይመክራል (መክ. 9፡9)። በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 7 ላይ ያለችው ሴትም ውዷን ወደ መስክ አብረው እንዲወጡ ትጋብዘዋለች። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ሶደሬ ወይም ወደ ላንጋኖ አብሮ መውጣት የሚወድ ባልና ሚስት መንፈሳዊነቱ አይጎድልበትም።

ይልቅ እኛ አማኞች የምንወድቅበት ሌላ ወጥመድ አለ። ፍላጎታችንን መንፈሳዊ ልብስ እናለብሰዋለን። "መኪናዋን የፈለግኳት ለአገልግሎት እንድትመቸኝ ነው" እንላለን። ወንድሜ ሆይ፣ ሁለት ወንበር ያላት መኪና የትኛውን የመዘምራን ቡድን ልትጭንልህ ነው? ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሰረገላው ላይ ሆኖ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ (ሐዋ. 8) ሰረገላዋን የገዛት ለወንጌል ነው ተብሎ አልተጻፈም። በተለመደው ጉዞው ላይ ሳለ ፊልጶስን አጠገቡ አስቀመጠ፤ ጌታም ሠራ። ስለዚህ "ደስ ስለምትለኝ ነው" ብሎ እውነቱን መናገር ይሻላል። በእውነት የተነገረ ፍላጎት ላይ ባልና ሚስት መነጋገር ይችላሉ። በአገልግሎት ስም የመጣ ፍላጎት ላይ ግን ሚስት ምን ትላለች? ከጌታ ጋር የተጣላች ይመስልባታል።

የትኛዋን?

እንግዲህ ቤቱ ጣሪያ አለው፣ የልጆች ትምህርት ቤት ተከፍሏል፣ ሁለታችሁም ተስማምታችኋል እንበል። ያገለገለች፣ የምታስደስት መኪና ስትፈልጉ ምን ታያላችሁ?

በመጀመሪያ ገበያውን እወቁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ፣ በተለይም በዕድሜ በገፉት ላይ፣ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ የምትመርጡት በአብዛኛው አስቀድመው አገር ውስጥ ከገቡት መካከል ነው። የመለዋወጫውም ነገር በዚያው ልክ ይታሰብ።

በውጭ አገር ለምትኖሩ አንባቢዎቻችን ምርጫው ሰፊ ነው። ለምሳሌ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 የምትባለው ባለ ሁለት ወንበርና ጣሪያዋ የሚከፈት ትንሽ የስፖርት መኪና እ.ኤ.አ. በ1989 ወጥታ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠርታለች። ቀላልና ለመንዳት ደስ የምትል ስለሆነች በዓለም ዙሪያ ወዳጅ አላት። ነገር ግን ወገቧ ዝቅ ያለ መኪና በኮብልስቶን መንገድና በየመንደሩ ባለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሆዷ እንደሚፈተግ አስቡ። እንዲህ ያለች መኪና አገር ቤት ብታገኙ እንኳ ሲሰበር መብራቷን ከየት ታመጣላችሁ?

ለአገራችን የሚቀርቡት ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ያቺ የቀድሞዋ ቪታራ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የተሠራችው ባለ ሁለት በሯ፣ የሸራ ጣሪያዋ ቪታራ ከመሬት ከፍ ያለች፣ በአራት ጎማ የምትጎትት በመሆኗ የላንጋኖን ዳር መንገድ አትፈራም። ከብረት ጣሪያዋ ቪታራ ጋር ብዙ ዕቃ ስለምትጋራም መካኒክ አይቸገርባትም። ጉድለቷ የኋላ ወንበሯ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ መሆኑ ነው። ወንድማችን ቀብድ ሲከፍል ሦስት ልጆች እንዳሉት ያልቆጠረው እዚህ ላይ ነበር።

ሁለተኛዋ ሁላችንም የምናውቃት ቮልስ ናት። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ፣ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥታለች። ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣዋ ከፊት ነው። የምትቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም፤ ቆላ ላይ ውሃ ፍለጋ አታንከራትትም። ነገር ግን ማቀዝቀዣዋን የሚያዞረው ቺንጊያ ከተበጠሰ ወዲያው ቁሙ፤ "እስከ ሞጆ ልግፋ" ያለ ሰው ሞተሩን ያቃጥላል። ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ ወንበሩን አንስታችሁ ወለሉን እዩ። አሲድና ዝገት የበላው ወለል ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

በእኛ መንገድ ላይ ፈትኗት

ለማየት ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲቆያችሁ ጠይቁ። ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ትኩስ ከሆነ "ለምን አስቀድሞ አሞቃት?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ አስነሱና ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ፣ ጥቁር ጭስ ነዳጅ እንደሚበዛበት ይናገራል። የማያቋርጥ ነጭ ጭስ በውሃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ከሆነ ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ነው፤ የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ካያችሁም ቴስታታው ወይም ጓርኒሲዮኑ ችግር አለበት። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በላሜራው ላይ አስኪዱ። የማይይዝበት ቦታ በቀለም የተሸፈነ ስቱኮ ይኖራል። ከመሪው ሥርም ተመልከቱ፤ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መሪ ከሆነ ሥራውን የምታምኑት መካኒክ ይየው።

ለመሞከር ከከተማ ውስጥ አትዙሩ። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ሰው መኪናን የሚለካው በዚያ ለስላሳ አስፋልት ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ግን ማንኛዋም መኪና ጥሩ ትመስላለች። ይልቅ በአሰላ መንገድ ውጡ። ከአዳማ እስከ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከፍታው ከ700 ሜትር በላይ ይጨምራል። ከዴራ በኋላ ዳገቱን ስትይዙ የሙቀት መለኪያውን መርፌ እዩ። ፍሪሲዮኑ የደከመ ከሆነ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትፈጥንም። ስትመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኗ ወደ አንድ ወገን እንዳይጎትት አስተውሉ። ከዚያ አዳማ ስትደርሱ በቀትር ፀሐይ ሳታጠፏት አሥር ደቂቃ አቁሟት። ቆላ ላይ ችግሩን የምትደብቅ መኪና ጥቂት ናት።

የሸራ ጣሪያ ካላት ደግሞ ሸራውን ሦስት አራት ጊዜ ክፈቱና ዝጉ። ስፌቱንና የጎማውን መክደኛ ዳሰስ ዳሰስ አድርጉ፤ ፀሐይ ያሰነጠቀው ይኖራል። አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሱባትና ምንጣፉን አንስታችሁ እዩ፤ ባለቤቱ ቅር ካለው መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። ነፋሱንም አትርሱ። ከከተማችን ውጭ ኮረብታው ላይ የቆሙት፣ በሁለት ምዕራፍ የተተከሉትና በአጠቃላይ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው የነፋስ ተርባይኖች የመጡት አዳማ ነፋስ ስላላት ነው። ያ ነፋስ አቧራ ይዞ ሲነሣ ጣሪያችሁን ትዘጋላችሁ። ጣሪያው ተከፍቶ የምትሄዱባቸው ቀናት ካሰባችሁት እንደሚያንሱ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ለጣሪያህ መከታ

በዘዳግም 22፡8 ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ከሰገነቱ ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግለት ታዟል። በዚያ አገር ሰው ጣሪያ ላይ ይወጣና ይዝናና ነበር። እግዚአብሔር ጣሪያ ላይ መውጣትን አልከለከለም፤ መከታ አድርግ አለ እንጂ። ይህ ሕግ ጣሪያዋ ለሚከፈት መኪና ተስማሚ ነው።

ክፍት መኪና ብትገለበጥ ራስን የሚከላከል ብረት የላትም ወይም ጥቂት ነው ያላት። አጠር ያለችና ከፍ ያለች መኪና ደግሞ በፍጥነት ሲጠመዘዙባት ለመገልበጥ ትቀርባለች። ስለዚህ ጠንካራ የመከላከያ ብረት የሌላትን አትግዙ። የሚሠሩ ቀበቶዎችን ቁጠሩ፤ የቀበቶው ቁጥር ከቤተሰባችሁ ቁጥር ካነሰ ያቺ የእናንተ መኪና አይደለችም። ልጆችን ቆመው በጣሪያ ብቅ እንዲሉ በፍጹም አትፍቀዱ፤ በሠርግ ቀን ቪዲዮ ቀራጩ ስላደረገው የተፈቀደ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነውን የሦስተኛ ወገን መድንም ሳትገቡ ከግቢ አታውጧት።

ወረቀቱና ሁለቱ ፊርማዎች

የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር በዓይናችሁ አመሳክሩ። ታርጋውን ከሰጠው የትራንስፖርት ቢሮ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት፣ የዓመቱ ቦሎም እንደተወሰደላት አረጋግጡ። ስለ ቀብድ ደግሞ ሕጉን እወቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ "ቦታ ያዝልኝ" ማለት ሳይሆን ግማሽ ውሳኔ ነው። ደላላ "ነገ ትሸጣለች" ሲላችሁ "የእኛ ከሆነች ትቆየናለች" በሉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ውሉን ለመዋዋል ውልና ማስረጃ ስትቀርቡ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የባለቤቱ ፊርማ ይጠየቃል፤ ካላገባም ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል። መኪናዋ የጋራ ንብረት ስለሆነች አንዱ ብቻውን እንዳይሸጣት ሕጉ ይጠብቃታል። በዚያው ጠረጴዛ ላይ የገዢውን ሚስት ግን ማንም አይጠራትም። ገንዘቡም እኮ የጋራ ነበር! መንግሥት ያልጠየቀውን ፊርማ የሚጠይቀው ትዳራችሁ ነው። ሁለቱ አንድ ሥጋ ናቸው የተባለው (ዘፍ. 2፡24) ለሠርግ ካርድ ማሳመሪያ ብቻ አይደለም፤ ለሃምሳ ሺህ ብር ቀብድም ይሠራል።

ይህን ስል ሚስት ትከልክል ማለቴ አይደለም። እህቴ ሆይ፣ አንቺም ባልሽ የሚወደውን ሲነግርሽ "የልጅ ነገር!" ብለሽ ካጣጣልሽበት ሁለተኛ አይነግርሽም። ፊርማሽን ሲጠይቅ ቢያንስ አንድ ጊዜ አብረሽው ሄደሽ መኪናዋን እያት፣ ተቀመጪባት። እምቢ ብትዪም አይተሽ እምቢ በይ።

በስተመጨረሻ ምን ሆነ?

ወንድማችን ወደ ሻጩ ተመልሶ ሄደ። ሻጩ በዕድሜ የገፉ አባት ነበሩ። "አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለባለቤቴ አልነገርኳትም" አላቸው። እሳቸውም ዝም ብለው ቆዩና "ልጄ፣ እኔም ለመሸጥ የባለቤቴን ፊርማ ለምኜ ነው ያገኘሁት" ብለው ግማሹን መለሱለት። ሕጉ ሁሉንም እንዲያስቀሩ ይፈቅድላቸው ነበር። ሃያ አምስት ሺህ ብሩ ግን ቀረ። "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ይሉ የለም? በዚያ ዓመት ቆርቆሮው ግማሽ ቤት ብቻ አለበሰ።

የሚቀጥለው ዓመት ቀሪው ለበሰ። ከዚያ በኋላ አንድ ምሽት ሚስትየዋ ራሷ ነገሩን አነሣችው፦ "ያቺ የምትወዳት ዓይነት መኪና… አሁን እንፈልግ?" አለችው። ወንድማችን ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ለአራት ወር አብረው ፈለጉ። ሁለት ቪታራ አይተው በልጆቹ ብዛት ተዉ። በመጨረሻ አንዲት ያረጀች ቮልስ አገኙ፤ ወንበሩን አንስታ ወለሉን የፈተሸችው ሚስትየዋ ናት። ጣሪያዋ አይከፈትም። መስኮቶቿ ግን ይከፈታሉ፤ ከኋላም ሦስት ልጆች ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ወደ ባቱ መንገድ ሲወጡ አምስቱም ይዘምራሉ፤ ሞተሯም ከኋላ ድምፁን ይጨምርበታል።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. የትዳር ጓደኛችሁን ልብ በእውነት የሚያስደስት፣ ግን እስከ ዛሬ ያልጠየቃችሁት ነገር ምንድን ነው? ዛሬ ማታ ጠይቁ።
2. "ለአገልግሎት" ወይም "ለልጆቹ" ብላችሁ ያለበሳችሁት የራሳችሁ ፍላጎት አለ?
3. ከስንት ብር በላይ የሆነን ወጪ አንዳችሁ ብቻችሁን ላለመወሰን ትስማማላችሁ? ቁጥሩን በወረቀት ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት።
4. ሉቃስ 14፡28ን አብራችሁ አንብቡ። ከመኪናዋ ዋጋ ሌላ ለስም ማዛወሪያ፣ ለመድን፣ ለጎማ፣ ለነዳጅና ለጋራዥ በዓመት ምን ያህል እንደሚያስፈልጋችሁ ደምሩ።

ጌታ ትዳራችሁንና ደስታችሁን ይባርክ። እስከሚቀጥለው እትም ቸር ያቆየን!